ቦርሳው ተመቸሽ?

ቦርሳ ስገዛ መጀመሪያ ዚፑን ከፍቼ ውስጡን አሸታለሁ። ባለፈው ሳምንት ቡሌ ሆራ፣ ከግቢያችን በር ፊት ለፊት ቦርሳ የሚሸጠው ወጣት ይህንን ሳደርግ አይቶ፣ «እህቴ፣ ቦርሳ ነው እኮ፣ ሥጋ አይደለም!» ብሎ ሳቀብኝ። እኔም ሳቅሁ። ቦርሳው አዲስ የጎማ ሽታ ብቻ ነበረው። ለእኔ ግን ከጎማው ሥር የኮመጠጠ ወተት ሸተተኝ።

ነገሌ ቦረና አሥረኛ ክፍል ሳለሁ መምህሩ አባቴ ታሞ አልጋ ያዘ። ሆዱ ከግመል ወተት በቀር ምንም አልቀበል አለው። ጠዋት ጠዋት በእሱ ብስክሌት ወደ ፊልቱ በሚወስደው መንገድ ዳር ከምትቀመጠው ወተት ሻጭ ዘንድ እሄድ ነበር። ወተቱ በደህና ከደረሰ አባቴ ያን ቀን አንድ ነገር ቀመሰ ማለት ነው። ከፈሰሰ ወይም ከተበላሸ ባዶ ሆዱን ይውላል።

ሻጯ የትምህርት ቤት ቦርሳዬን አይታ ናቀችው። «አካም፣ ልጄ? ይሄ አይሆንም። እንደ ልጅ እዘይው!» አለችና የወተቱን ጀሪካን በሻሽ ጀርባዬ ላይ ጥፍር አድርጋ አሰረችው። እዚያ ያሉት ሴቶች ሁሉ ወተት የሚሸከሙት እንዲያ ነበር፤ እነሱ ግን ብስክሌት አይነዱም። ኮረኮንቹ ላይ ስነጥር ክዳኑ ላላ። ለብ ያለው ወተት በአከርካሪዬ ቁልቁል ወርዶ ወገቤ ላይ ተጠራቀመ። ፀሐይ ሲያገኘው ሸሚዜን ከቆዳዬ ጋር አጣበቀው፤ ቀዩ አቧራ ደግሞ ላዩ ላይ ተለጠፈበት። እንደዚያው ሆኜ ክፍል ገባሁ።

«አይብ መጣች! በርበሬ አምጡ!» አሉ ከኋላ የተቀመጡት።

በማግስቱ እናቴ ከገበያ የፍየል ቆዳ ስልቻ ገዛችልኝ። እሱ ባሰ። የሻገተ ቅቤ የጠጣ ነበር፤ ማንገቻው ትከሻዬን ይልጠኛል፣ ዝንቡ እስከ ቤት ድረስ ይሸኘኛል። አፌን ዘግቼ፣ ትንፋሼን ይዤ እነዳ ነበር።

አባቴ ግን ሁልጊዜ ከወተቱ በፊት የሚጠይቀው አንድ ነገር ነበር፦ «ቦርሳው ተመቸሽ?»

«ተመቸኝ፣ አባዬ» እለው ነበር፣ ደስ እንዲለው።

አንድ ቀን ስልቻውን ወደ አፍንጫው አስጠጋና ፊቱን አጨማደደ። «ይሄ ፍየል ገና አልሞተም» አለ። ከዚያም መርፌና ሲባጎ አስመጣ። ትራስ ተደግፎ፣ እያረፈ፣ ከአሮጌ የመኪና ሸራ ሁለት ትልልቅ ኪሶች ሰፋልኝ። እንደ አህያ ጭነት በኋላው ጎማ ግራና ቀኝ የሚንጠለጠሉ ነበሩ፤ በአንዱ ወተቱ፣ በሌላው ሚዛን የሚጠብቅ ውኃ።

ሸራው ከዚያ በፊት ፍየል ሲጫንበት የኖረ ነው። ሽንቱ በሳሙናም በፀሐይም አልለቅ አለ።

«አባዬ፣ ይሸታል እኮ።»

«ይሽተት። ጀርባሽ አረፈ አይደል?»

እውነትም አረፈ። ወተቱ ሳይንጠባጠብ ይደርስ ጀመር፤ አባቴም ለጥቂት ጊዜ ቀና ብሎ በረንዳ ላይ መቀመጥ ቻለ። እኔ ግን ያንን ሽታ አልለመድኩትም።

አንድ ጠዋት እናቴ በራፍ ላይ ቆማ ጠበቀችኝ። ጀሪካኑን ከሸራው ኪስ አወጣችው፤ ጠብታ አልፈሰሰም። አቅፋው ቆመች እንጂ ወደ ውስጥ አላስገባችውም። ብስክሌቱን ግድግዳው ላይ አስደግፌ ጆሮዬን ሰጠሁ። ከውስጥ የሚጠይቀኝ ድምፅ የለም። የፍየሉ ሽታ ብቻ ነበር።

«ተመቸሽ?» አለኝ የቡሌ ሆራው ወጣት፣ የአዲሱን ቦርሳ ማንገቻ ትከሻዬ ላይ እያስተካከለ።

«ተመቸኝ፣ አባዬ» አልኩት።