አፌ የተቆለፈበት ሳምንት

ልጄን የኋላ ድዷ አብጦባት ሆሳዕና ወዳለ የጥርስ ክሊኒክ ይዣት ስገባ፣ በሩ ላይ የተቀበለኝ የቅርንፉድ ሽታ ከሐኪሙ ሰላምታ ቀድሞ አንጋጫ ከተማ ባለው የወላጆቼ ቤት ጠባብ ጓዳ ውስጥ መልሶ ከተተኝ።

አሥራ ስምንት ዓመቴ ነበር። ወላጆቼ ለዘመድ ሠርግ ዱራሜ ሲሄዱ እኔን እንድትጠብቅ አክስቴ አማረች ከዶዮገና መጣች። በማግስቱ የመጨረሻው መንጋጋዬ አካባቢ ድዴ አበጠና ሙሉ ድንች የጎረስኩ መሰልኩ። አክስቴ ብርድ መታት ብላ መስኮቱን ዘጋች፣ በጋቢ ጠቀለለችኝ፣ ቅርንፉድ ወቅጣ ድዴ ላይ ጠቀጠቀች። በሦስተኛው ቀን አፌ ለማንኪያ እንኳ አልከፈት አለ። የመዘምራን ጓደኞቼ ልምምድ ከቤታችን አጠገብ ካለው ቤተ ክርስቲያን እስከ ጓዳዬ ይሰማል፤ እኔ ለብቻዬ የምዘምረውን ክፍል የወሰደችው ልጅ ዜማውን ስታበላሸው እየሰማሁ መሳደብ እንኳ አልችልም።

በአራተኛው ቀን ምራቄን መዋጥ አቃተኝ። ሐኪም ቤት ልሄድ ስነሳ አክስቴ በሩን በጀርባዋ ደገፈችው።

«ንፋስ ቢያገኝሽ ለእናትሽ ምን እላታለሁ? የትም አትሄጂም!»

«መተንፈስ እየከበደኝ ነው» ብዬ በወረቀት ጽፌ ሰጠኋት። ወረቀቱን ገለባበጠችው፣ ዓይኗን ሰበረች። ማንበብ እንደማትችል ያወቅሁት ያኔ ነው። ድንገት ነጠላዋን እንኳ ሳትደርብ ወረቀቱን ይዛ ሹፌሩ ጎረቤታችን ጋሽ ከድር ዘንድ ሮጠች።

«እህቴ፣ ልጅቷ መተንፈስ ከበደኝ እያለች ነው እኮ! ቶሎ አውጫት!» ሲል ከውጭ ሰማሁት።

በመኪናው ሆሳዕና አደረሰን። ሐኪሟ፣ ጥርሱ በግማሽ ብቻ ስለወጣ ከላዩ በቀረው ድድ ሥር ምግብ ተሰንቅሮ መመርቀዙን ነገረችን። መግሉን አውጥታ አጠበችው፣ መድኃኒት በመርፌ ሰጠችኝ፤ ጥርሱ የሚነቀለው እብጠቱ ሲጎድል ነው አለች። «ብትዘገዩ ኖሮ ጉሮሮዋን ይዘጋው ነበር» አለቻት አክስቴን።

አፌ እንደተከፈተ ያወራሁት ግን ስለ ሩጫዋ አልነበረም፤ ወረቀቱን እንዴት እንዳገላበጠችው ነበር። ከሠርጉ የተመለሱት ዘመዶቼ ሁሉ ከት ብለው ሳቁ። እሷም አብራን ፈገግ አለች፤ በማግስቱም ቁርስ ሳትበላ ወደ ዶዮገና ሄደች፣ ከዚያ በኋላ እኛ ቤት አድራ አታውቅም። ገበያ ላይ ባገኘችኝ ቁጥር «ጥርስሽ እንዴት ነው?» ትለኝና «ድኗል» እላት ነበር። ይቅርታ የምላት ሁልጊዜ «በሚቀጥለው ጊዜ» ነበር። አምና ቀበርናት።