አባቴ ጣቱን ያሳረፈበት ጉብታ

ባለፈው ሳምንት አዲስ የተቀጠረች ልጅ መሥሪያ ቤት ከጎኔ ተቀምጣ ቨርቹዋል ስልክ ታዘጋጅ ነበር። ቨርቹዋል ስልክ ኮምፒዩተር ውስጥ ብቻ የሚኖር ስልክ ነው፤ ፕሮግራም የምንጽፍ ሰዎች ሥራችንን እንሞክርበታለን። በእጅ አይያዝም፤ የት እንዳለም የምንነግረው እኛ ነን።

«ቦታውን የት ላድርገው?» አለችኝ።

«ቂርያት ጋት አድርጊው» አልኳት፤ ያደግሁባት የእስራኤል ከተማ ናት። ውሃ የምቀዳ መስዬ ተነሣሁ። እንባዬ መጥቶ ነበር።

ከዓመታት በፊት ከሠራዊት ተሰናብቼ የፕሮግራም ኩርስ ጀምሬ ነበር። አባቴ በላይ በከተማዋ የኢንዱስትሪ ቀጠና ለብዙ ዓመታት ሲሠራ ኖሮ፣ በዚያው ክረምት ጭንቅላቱ ውስጥ ደም ፈሰሰና ቀኝ ጎኑ አልታዘዝ አለው፤ አንደበቱም ተዘጋ። የምንለው ሁሉ ይገባዋል፤ መመለስ ግን አይችልም። እናቴ ፋብሪካ ስትውል እኔ ከእሱ ጋር እውል ነበር።

የኩርሱ የመጨረሻ ሥራዬ ሰው ካለበት አጠገብ ያለውን የአውቶቡስ ፌርማታ የሚያሳይ መተግበሪያ ነበር። ለመሞከሪያ የሚሆን ስልክ ስላልነበረኝ ቨርቹዋል ስልክ ማቆም ግድ ሆነብኝ። ኮምፒዩተራችን አሮጌ ነው፤ መጀመሪያ እምቢ አለ። አስተማሪያችን እንዳሳየን አጥፍቼ ሳስነሣው መቼቱ ውስጥ ገብቼ ቨርቹዋል ስልክ እንዳያስነሣ ተዘግቶ የነበረውን ፈቃድ ከፈትኩለት። የስልኩን ዓይነት መረጥኩ፤ ሲስተሙን አወረድኩ፤ ከኮምፒዩተሩ ሚሞሪ ከፍዬ ሰጠሁት። ማራገቢያው እንደ ወፍጮ ይጮሃል፤ ስክሪኑ ግን ጥቁር እንደሆነ ቀረ። ውጭ ይዘንባል። አባቴ አጠገቤ ተቀምጦ የላጥኩለትን መንደሪን በግራ እጁ ይበላል፤ ክፍሉ ልጣጩን ልጣጩን ይሸታል። በመጨረሻ ስልኩ ቦግ ሲል ሁለታችንም ሳቅን። እሱ የሚስቀው በግማሽ ፊቱ ነበር።

«እይ አባዬ፣ አሜሪካ ነኝ ይላል!» አልኩት። ስልኩ ሲፈጠር የተሰጠው ቦታ እዚያ ነበር። ቦታውን ቀይሬ ወደ ቂርያት ጋት አመጣሁት፤ የሰፈራችን ፌርማታዎች አንድ በአንድ ብቅ አሉ። ሥራዬ ሠራ! ደስታው ልቤን ሞላውና፣ «አሁን ደግሞ ወደ አገርህ ልውሰደው?» አልኩት። የተወለደበትን የጎንደር መንደር ፈልጌ አስገባሁ። ከሰማይ የተነሣ ፎቶ ቀስ እያለ ወጣ፤ ማሳ፣ ወንዝ፣ የቆርቆሮ ጣራ።

አባቴ መንደሪኑን አስቀመጠ። ማውሱን ከእጄ ወስዶ ወንዙን ተከትሎ ካርታውን ይጎትት ጀመር። ከመንደሩ ራቅ ብሎ አንድ ጉብታ ላይ ሲደርስ ማውሱን ትቶ ጣቱን ስክሪኑ ላይ አሳረፈ፤ ዓይን ዓይኔንም ያየኝ ጀመር።

«ቤታችሁ ነበር?» በጭንቅላቱ አይደለም አለኝ። «መቃብር ነው?» አይደለም። «ጸሎት ቤት?» አይደለም።

እናቴ ከሥራ ስትገባ ጠራኋት። «እኔ አገሩን መች አውቀዋለሁ?» አለች፤ የተጋቡት ወደ እስራኤል ሲጓዙ ሱዳን ላይ ነው። «በላይ፣ ምን ልትለን ነው?» አፉን ከፈተ። የወጣው ድምፅ ግን ቃል አልነበረም። ያን ቀን አባቴ ሲያለቅስ ለመጀመሪያ ጊዜ አየሁ።

ከዚያ በኋላ ወደ ኮምፒዩተሩ ሲያመለክት ስልኩን አስነሣለት ነበር፤ ጣቱም ያው ጉብታ ላይ ያርፍ ነበር። ለፋሲካ ጥቂት ሲቀረው እንደገና ታመመ፤ ከሆስፒታልም በሕይወት አልተመለሰም።

በሐዘኑ ሳምንት፣ ከአባቴ ጋር በእግር ሱዳን የገቡት ጋሽ ተገኘ ሊያጽናኑን መጡ። ጉብታውን አሳየኋቸው። መነጽራቸውን አጥልቀው ብዙ አዩት።

«ይህማ ትርንጎን የመለስናት ቦታ ነው» አሉ።

«ትርንጎ ማን ናት?» አለች እናቴ።

«ታናሽ እህቱ ናት። ንዳድ ይዟት መራመድ አቃታት፤ ከአጎቷ ጋር ወደ ቤት መለስናት። ተመልሼ እወስድሻለሁ ብሏት ነበር። ከዚያ በኋላ ስሟን ስናነሣበት ይቆጣል፤ ሞታለች ብሎ ቆርጦ ነበር መሰለኝ።»

እናቴ በነጠላዋ ፊቷን ሸፈነች። ይህን ሁሉ ዘመን አብራው ስትኖር እህት እንዳለችው አታውቅም ነበር።

ትርንጎ ግን አልሞተችም። ጋሽ ተገኘ ዘመድ ጠይቀው ጎንደር ከተማ አገኟትና የስልክ ቁጥሯን ሰጡኝ። ደወልኩ።

«የበላይ ልጅ ነሽ?» አለች። «እስቲ እሱን አቅርቢልኝ፤ ድምፁን ልስማው።»

ማረፉን ነገርኳት።

«እኔ እኮ አለሁ» አለች። «ሁልጊዜም ነበርሁ።»

አባቴ መናገር በሚችልበት ዘመን ሁሉ ዝም ብሎ፣ ሊናገር በፈለገ ጊዜ አንደበት ማጣቱ እስከ ዛሬ ያንገበግበኛል። እኛም የሚያሳየን ስለ ሰው መሆኑ ጠፍቶብን፣ ቤት ነው፣ መቃብር ነው እያልን ነበር። ማን ነው ብሎ የጠየቀው የለም።

አክስቴ ትርንጎ ወደ እስራኤል የመግቢያ ፈቃድ ብዙ ዓመት ጠብቃ መጣች፤ አሁን እዚያው ቂርያት ጋት፣ ካርሜ ጋት በሚባለው ሰፈር እኔ ቤት ናት። እርጅና ማስታወሷን እየወሰደባት ነው። ማታ ከሥራ ስገባ በሩ ሲከፈት ትሰማና «በላይ!» ብላ ትጣራለች። መጀመሪያ መጀመሪያ አርማት ነበር። አሁን ጫማዬን ሳላወልቅ «አቤት» እላታለሁ።