ከጁምዓ መልስ ሞተር ማስነሳት

ሊሙ ገነት ላይ ከጁምዓ ሶላት ፈጥኖ የሚወጣው ማን ነው ብትሉ፣ ልጅ አዋቂው «ቲጃኒ!» ይላችኋል። የሚሰግደው በሩ ሥር ነው፤ ኢማሙ አሰላምቶ ዞር ሳይል ቲጃኒ ጫማው ውስጥ ነው። አባቱ ሐጂ ሀቢቡላህ ፊተኛው ሶፍ፣ የመጀመሪያው ረድፍ ላይ፣ መስገጃቸውን ሰፋ አድርገው ቦታ ይይዙለታል። ከየት መጥቶ!

የሚሮጠው ለቡና መፈልፈያው ነው። ለጁምዓ የከተማው መፈልፈያ ሁሉ ይዘጋል፤ ከሶላት መልስ ሁሉም ሞተሩን ባንዴ ሲቀሰቅስ መብራቱ ፈዞ ሞተሮቹ እያጓሩ ይቀራሉ። ቀድሞ ያስነሳ ዳነ። ቲጃኒ የተቀደመ ዕለት ሞተሩ ተቃጥሎ፣ ሚስቱ ፋሪዳ ወርቋን ሸጣ አሠራችለት። አሁን ቢደገም መፈልፈያው አበቃለት።

ዘንድሮ አያንቱ የምትባል የኤሌክትሪክ መሐንዲስ መጥታ ባለመፈልፈያዎቹን ሰበሰበች።

«ሞተር ሲነሳ፣ ቡና ከሚፈለፍልበት ኃይል ሌላ መግነጢሱን የሚያነቃበት ኃይል ይስባል። ሪአክቲቭ ፓወር እንለዋለን። ሁላችሁ ባንዴ ስትስቡት ቮልቴጁ ይወርዳል።»

«መድኃኒት የለውም?» አለ ቲጃኒ።

«አለው። ካፓሲተር የሚባል ዕቃ ቢተከል ያንን ኃይል እዚሁ ይሰጣችኋል። በጀቱ ግን ለአንድ ቦታ ብቻ ነው የበቃው፤ መብራት ቢቋረጥ ብዙ ሰው የሚጎዳው የት ነው ብለን ስናሰላ ለሌላ ከተማ ደረሰ። እናንተ ጋ እስኪደርስ በተራ አስነሱ፤ ከትልቁ ሞተር ወደ ትንሹ።»

ቲጃኒ ደረቱን ነፋ። ለዓመታት «የኔን የሚያህል ሞተር የለም» ሲል ኖሯላ! አያንቱ እየዞረች የሞተሮቹን ጉልበት አነበበች። የቲጃኒ ከሁሉም አነሰ። ኧረ ጉድ! ሳቁ ጅማ፣ ሄርማታ ገበያ ድረስ ሳይሰማ አልቀረም።

«እኔ? መጨረሻ?» ብሎ ቤቱ ገብቶ ፎከረ።

«ተራህን ጠብቅ። ሌላ ወርቅ የለኝም» አለችው ፋሪዳ።

በሚቀጥለው ጁምዓ በሩ ሥር ቆሞ አሰበ። ከእንግዲህ ምን ያስሮጠዋል? እያፈረ ወደ ፊት ሄዶ ከአባቱ ጎን ቆመ። ሶላቱ አልቆ ሰዉ ሲወጣም አልተነሳም። ከውጭ ሞተሮቹ አንድ በአንድ ሲነሱ ይሰማል፤ የመስጊዱ ማራገቢያ እንኳ ፍጥነቱን አልቀነሰም።

ሐጂ ደንግጠው አዩት። «ኢልመ ኮ፣ ልጄ፣ መብራት የለም እንዴ?»

«አለ፣ አባ። ተራዬ አልደረሰም።»

ሽማግሌው ማራገቢያውን አዩ፤ ልጃቸውን አዩ፤ ከዚያ ጉልበቱን ያዝ አድርገው እጃቸውን ለዱዓ ዘረጉ።

«ያ አላህ፣ ያንን ካፓሲተር የሚሉትን ዕቃ ትንሽ አዘግይልን።»

«አሚን» አለ ቲጃኒ፤ ሞተሩን ረስቶ።