መቲ ላይ የያዘ ሰም

ወንዳፈረው በጋምቤላ ከተማ ፎቶ ሲያነሳ ሃያ ዓመት አልፎታል። ቀዝቀዝ ባለችው መቲ ከተማ ሳለ ብረት ሥራ ስለተማረ፣ ዕቃ ተበላሸ ብሎ መጣል አይሆንለትም። ፎቶውን እዚያው ተፍቶ የሚሰጥ አሮጌ ካሜራውም፣ ወረቀቱ ከገበያ ቢጠፋም መደርደሪያ ላይ አለ።

አንድ ሰኞ የድሮ ደንበኛው ኛሉዋክ ሱቁ ገብታ የነጣ ፎቶ ፊቱ አኖረች።

“ይሄ ማነው?” አለችው።

ገለበጠው። በራሱ እጅ “ሬአት” ብሎ ጽፎበታል፤ ሟች ባሏ ነው። በዚያው ካሜራ ነበር ያነሳው። ነጋቲቭ ስለሌለው ዳግመኛ ማተም አይቻልም።

“ባሌን ሁለተኛ ቀበርከው” አለችው ሳትቆጣ። “አርብ ወንድ ልጄ ጋ ማታር እሄዳለሁ፤ አልመለስም። ሴት ልጄ ኛቢየል ግን እዚህ ትቀራለች። ከእሷ ጋር አንሳኝ፤ የማይጠፋ።”

“በስልክ ላንሳችሁ፣ ማማ?”

“ስልኬ ባሮ ወንዝ ውስጥ ነው ያለው። ሂድና ጠይቀው።”

ጥፋቱ የካሜራው ነው፤ ካሣውም ከእሱ ይምጣ አለ ወንዳፈረው። ሁለት ጥቅል ፊልም ነበረው። ከድስት ክዳን ቆርጦ የፊልም መያዣ ሠራ። ፊልሙ ከድሮው ወረቀት ቦታ ሁለት ሚሊ ወደፊት ስለመጣ፣ ሌንሱንም ያንኑ ያህል ገፋው። የፊልሙ ቁጥር እንዲታየው በጀርባው ቀይ መስኮት አወጣ፤ ከሞተር ብስክሌት የኋላ መብራት የተቆረጠ። ብርሃን እንዳይገባ መጋጠሚያውን የብረት ሥራ መምህሩ መቲ ላይ እንዳሳዩት በሰምና በጥላሸት ደፈነ።

ረቡዕ ድልድዩ አጠገብ ሞከረው። ፊልሙ ሲታጠብ ከዳር እስከ ዳር ጠቁሮ ወጣ። መጋጠሚያውን ሲነካ በሙቀቱ የቀለጠው ሰም ጣቱ ላይ ቀረ።

“ሃያ ዓመት ጋምቤላ ኖሬ በደጋ ጭንቅላት እሠራለሁ” አለና ሰሙን ፋቀ።

በምትኩ የጎማ ቁራጭ አስገብቶ በሪቬት ሚስማር መታው። የቀረው አንድ ጥቅል ነው፤ ለሙከራ አይባክንም። ጨለማ ክፍል ገብቶ የበራ ባትሪ ካሜራው ውስጥ ዘጋበትና ዙሪያውን አየ። ከቀይ መስኮቱ በቀር አንዲት ጭረት ብርሃን አልወጣችም።

አርብ ጠዋት እናትና ልጅን አነሳቸው። ኛሉዋክ ወዲያው እጇን ዘረጋች።

“ድሮ ቶሎ ይተፋ ነበር። አርጅቶ ሰነፈ?”

“አሁን ማኘክ ጀመረ፣ ማማ። መኪናው ሳይነሳ እደርሳለሁ።”

ደረሰ። ለሁለቱም አንድ አንድ ፎቶ፣ ለኛቢየል ደግሞ ነጋቲቩን በፖስታ ሰጠ። “ፎቶው ቢነጣ ይሄን አምጪ፤ እንደገና አትማለሁ።”

ኛሉዋክ ነጋቲቩን ወደ ፀሐይ አነሳች። “ሽበቴን አጥቁሮታል። ጎበዝ ነው።”

ኛቢየል የአባቷን ነጭ ወረቀትም ፖስታው ውስጥ ልታኖር እጇን ስትሰድድ እናቷ ቀደመቻት።

“ይሄ ከእኔ ጋ ይሄዳል። ማን እንደሆነ እኔ አውቃለሁ።”