ቅዳሜ ቅዳሜ የሚጥለው ዝናብ

ሰፈሩ በሙሉ «ሚሊሜትር» እያለ ነው የሚጠራው። ሃያ ስድስት ዓመት ሙሉ፣ በየጠዋቱ ልክ ሦስት ሰዓት ሲል፣ ግቢው ውስጥ የተተከለው የዝናብ መለኪያ ፊት አጎንብሶ ውሃውን ይለካና መዝገቡ ላይ ያሰፍራል። ትኩሳት ቢይዘው፣ ሠርግ ቢጠራ ንቅንቅ አይልም። ያየውን ይጽፋል፤ ለምን ብሎ አይጠይቅም። በዚህ ይኮራ ነበር፤ ጉድ ያፈላበትም ይኸው ነው።

የሚከነክነው ነገር ቢኖር መዝገቡን ገልጦ ያነበበለት ሰው አለመኖሩ ነው። ስለዚህ የከተማዋን ጎርፍ የምታጠና ወጣት ተመራማሪ አንድ ቅዳሜ በሩን ስታንኳኳ የሚይዘውን የሚጨብጠውን አጣ። የታችኛው ሰፈር ቤቶች በየክረምቱ ውሃ ይገባቸዋል፤ አዲሱ የጎርፍ መውረጃ ቦይ ምን ያህል ይስፋ የሚለው በእሱ ቁጥሮች ሊወሰን ነው።

ተመራማሪዋ መዝገቡን ስታገላብጥ ዓይኗ ፈጠጠ።

«ጋሼ፣ ካለፉት አሥራ አንድ ዓመታት ወዲህ እሁድ እሁድ ጠዋት ሦስት ሚሊሜትር አለ። አጠገቡ ደግሞ ‹ሰማዩ ጥርት ያለ› ይላል። በበጋም ጭምር! የአየር ንብረት ለውጥ ያመጣው ይሆን?»

«ታዲያስ!» አለ ሚሊሜትር ደረቱን ነፍቶ።

ሻይ ይዛ የገባችው ባለቤቱ ትሪውን እንደያዘች ቆመች። «እኔ ቅዳሜ አይደል እንዴ ልብስ የማጥበው?»

ሦስቱም በመስኮት ተመለከቱ። የልብስ ማስጫው ገመድ ግቢውን አቋርጦ በመለኪያው አናት ላይ ያልፋል። አንሶላው ጠብ፣ ጠብ ይላል። ገመዱ ከተወጠረ አሥራ አንድ ዓመቱ ነው። ሚሊሜትርን ላብ አጠመቀው።

ተመራማሪዋ ብዕሯን አስቀመጠች። «መዝገቡን መተዌ ነው እንግዲህ።»

«ቆይ እንጂ ልጄ፣» አለች ባለቤቱ። «ደመና ካለ እኔ አንዲት ጨርቅ አላወጣም። ሰማዩ ጥርት ያለባቸውን እሁዶች ሰርዣቸው፤ የቀረው የእግዜር ነው።»

መዝገቡ ተረፈ። ቀይ ብዕር ወጥቶ ስረዛው ተጀመረ። እሁድ፣ እሁድ፣ እሁድ። ከሰባት ዓመት በፊት የነበረ አንድ ሐሙስ ላይ ሲደርሱ ተመራማሪዋ ቆመች።

«አርባ አንድ ሚሊሜትር! ሐሙስ ስለሆነ ይሄስ ልብስ አይደለም። ቦዩን የማሰፋው በዚህ ነው።»

ሚሊሜትር ጉሮሮውን ጠረገ። ያን ሰሞን ባለቤቱ ተቀይማው ዘጠኝ ቀን እህቷ ጋ ከርማ ነበር። ለጎረቤት «እህቷን አሟት ነው» ብሏል። ዝም ቢል ማንም አያውቅበትም። ግን በውሸት ቁጥር ቦይ ሊቆፈር ነው።

«እሱም ይሰረዝ፣» አለ።

«ምነው ጋሼ?»

«ረቡዕ ማታ ብርድ ልብስ አጥቤ ነበር። ስትመለስ ንጹሕ እንዲቆያት ብዬ። መጭመቁን አላወቅኩበትም።» ቀና ብሎም አላየ። «ጠዋት ሞልቶ ሳየው ሰማዩ ያዘነልኝ መስሎኝ ጻፍኩት።»

ባለቤቱ ትሪውን ጠረጴዛው ላይ አስቀመጠች። «ስመለስ ‹ምንም አልጎደለብኝም› አላልከኝም?»

«ዋሽቼሽ ነው።»

ቀዩን ብዕር ከተመራማሪዋ እጅ ተቀበለችና ቁጥሩን ትክ ብላ አየችው። ከዚያ ቁጥሩ ከመስመሩ ሥር እንዲነበብ አድርጋ፣ በቀጭኑ ሰረዘችው።

«በል ተነሥ፣» አለችው። «ገመዱን ወደዚያ ጥግ አዙርልኝ። መጭመቁንም ዛሬ አሳይሃለሁ።»