አባቴና ጥቅጥቁ ራዲያተር

አባቴ ዕድሜውን በሙሉ ዲላ ውስጥ የመኪና ራዲያተር ሲበይድ የኖረ ሰው ነው። ከጨለለቅቱ ቡና ጭነው ሲመጡ ዳገት ላይ ውሃ የፈላባቸው ሾፌሮች መጨረሻቸው እሱ ጋ ነበር። ስትሮክ ቀኝ ጎኑን ሲይዘው ጋራዡ ተዘጋ፤ እሱም ሳሎናችን ውስጥ መስኮቱ ሥር በተዘረጋለት አልጋ ላይ መዋል ጀመረ። አንደበቱ ተመልሶለታል፤ ግን ቃሉን የሚያወጣው አንድ በአንድ፣ ገበያ ላይ ቲማቲም እንደሚመርጥ ሰው ነበር።

እኔ ደግሞ የሰርግ ቪዲዮ አቀናብራለሁ። የምሠራው ከሳሎኑ በጣውላ በተከፈለች ጠባብ ክፍል ውስጥ ነው። እናቴ ገበያ ስትወጣ እሱን የምጠብቀው እኔ ስለሆንኩ፣ ሱቅ የመከራየቱን ሐሳብ ትቼዋለሁ።

እውነቱን ለመናገር፣ ከዚያ በፊት እኔና አባቴ ብዙ የምናወራው ነገር አልነበረንም። ልጅ ሳለሁ ጋራዡ ደጃፍ ላይ ስቆም፣ "አሲድ አለ፣ እሳት አለ፣ ሂጂ ወደ እናትሽ" ብሎ ይመልሰኝ ነበር። አድጌ ኮምፒውተር ስማር ደግሞ፣ "ተቀምጦ የሚሠራ ሥራ ላብ የለውም" ይላል። ያቀራረበን ያ ማሽን ነው።

የዲላ ሙቀት ከቆርቆሮ ጣሪያችን ጋር ተዳምሮ ኮምፒውተሬን ከቀትር በኋላ አላሠራ ሲለው፣ በውሃ የሚቀዘቅዝበትን ዕቃ ያገለገለ ከአዲስ አበባ ገዛሁ፤ ፓምፕ፣ ቱቦና ስስ የብረት ቅጠሎች የተደረደሩበት ወፍራም ራዲያተር። ሻጩ፣ "ቅጠሉን እዪው፣ እንዴት ጥቅጥቅ እንዳለ! ከዚህ የተሻለ አታገኚም" አለኝ። አመንኩት። ፋኖቹን ግን ከድሮው ሳጥን ፈትቼ ነው የገጠምኳቸው፤ ቀለል ያሉ፣ ድምፅ የሌላቸው ናቸው። ውሃ ሞልቼ አስነሳሁት። ግማሽ ሰዓት ሳይሞላ፣ ሙሽሮቹ ኬክ ሲቆርሱ፣ ስክሪኑ ጨለመ። በማግስቱም በሦስተኛውም ቀን እንደዚያው። ፓምፑን ጠርጥሬ ፈትቼ አየሁት፤ ደህና ነው። ተስፋ ቆርጬ መሬት ላይ ቁጭ ባልኩበት አባቴ ከሳሎን፣ "ምን ሆነሽ ነው?" አለኝ።

"ራዲያተሩ አያቀዘቅዝም፣ አባዬ።"

"ውሰጂኝ እስቲ" አለ።

በዊልቸሩ ገፍቼ አስገባሁት። ግራ እጁን ከራዲያተሩ ጀርባ፣ ንፋሱ መውጣት በነበረበት በኩል አስጠጋ።

"አየር አያልፍም።"

"ፋኖቹ እኮ እየዞሩ ነው።"

"መዞርና መግፋት አንድ ነው?"

ሶፍት እንዳቀብለው ጠየቀኝ። ቁራጩን ከጀርባ ሲይዘው ዝም ብሎ ተንጠለጠለ። በፋኑና በራዲያተሩ መሃል ባለው ክፍተት በኩል ሲይዘው ግን ወደ ውጭ ተርገበገበ። ንፋሱ በጥቅጥቁ ቅጠል ውስጥ ማለፍ አቅቶት በጎን እየተመለሰ ነበር።

"ቅጠሉ ሳሳ ያለ ቢሆን ይሄ ፋን ይበቃው ነበር" አለ። "ጥቅጥቅ ሲል ግን ክንፈ ሰፊ፣ ጉልበት ያለው ፋን ይፈልጋል። ስንቱ ሾፌር ትልቅ ራዲያተር አስገጥሞ፣ በድሮው ፋን ዳገት ላይ ቆሟል መሰለሽ!"

ከታመመ ወዲህ ያን ያህል ተናግሮ አያውቅም። ግንባሩን ላብ አጠመቀው።

ክንፋቸው ሰፊና የተቀራረበ ሦስት ፋኖች አስመጣሁ። ክፍተቱን የደፈንንበትን ስፖንጅ የቆረጠው እሱ ነው፤ እኔ ይዤለት፣ እሱ በግራ እጁ በመቀስ። አንድ ሰዓት ያህል ፈጀበት። ልቁረጥልህ ብለው፣ "ተይኝ፣ ሥራ ላይ ነኝ" አለኝ። ይህን ሲል ፊቱን ማየት አልቻልኩም።

ከዚያ ወዲህ የጠዋት ሰላምታችን ተቀየረ። "ሙቀቱ ስንት ገባ?" ይለኛል።

"ስልሳ ሁለት።"

"ደህና ነው፤ አይፈላም።"

ችግሩ ድምፁ ነበር። እነዚያ ፋኖች በሙሉ ጉልበታቸው ሲነሱ ቤቱ ወፍጮ ቤት ይመስላል። ዝግ ላድርጋቸው ብል ንፋሱ በቅጠሉ አያልፍም፤ ማሽኑ መልሶ ይግላል። "አባዬ፣ አልረበሸህም?" ስለው፣ "ጋራዥ ውስጥ ያረጀን ሰው ድምፅ ይረብሸዋል? ሥሪ" አለኝ።

ሠራሁ።

አንድ ቅዳሜ እናቴ ገበያ ወጣች። ለማግስቱ መድረስ ያለበት ቪዲዮ ነበረኝ። አባቴን ቁርሱን አብልቼ፣ ትራሱን አስተካክዬለት፣ ሄድፎኔን አድርጌ ተቀመጥኩ። ፋኖቹ ተነሱ። ምሳውን ልሰጠው ስወጣ ግማሽ አካሉ ከአልጋው ወርዶ፣ ግራ እጁ የመስኮቱን ደፍ እንደጨበጠ አገኘሁት። ጮህኩ። ጎረቤት ደረሰ፤ ባጃጅ ተጠራ። ሆስፒታል ስንደርስ ሐኪሙ፣ "ቤት ሳለ ነው ያለፈው" አለን።

በሰልስቱ የጎረቤታችን አሮጊት አጠገቤ ተቀመጡ። አፍ መፍቻቸው ጌዴኡፋ ነው፤ አማርኛ ሲናገሩ ከልጅነቴ ጀምሮ "አንተ" ነው የሚሉኝ።

"በመስኮቱ ሲጠራህ ሰምቼ ነበር" አሉኝ እያለቀሱ። "ሁለት ጊዜ፣ በስምህ። አጠገቡ ያለህ መስሎኝ፣ ልጄ።"

ይህን ለማንም አልተናገርኩም። ለቀስተኛው ሁሉ ከሄደ በኋላ ግን አንድ ቀን ከሰዓት እናቴን አባቴ አልጋ ላይ እንድትቀመጥ ለመንኳት። ማሽኑን አስነሳሁ፤ የክፍሌን በር እንደዚያ ቀን ገርበብ አደረግሁ፤ ሄድፎን ግን አላደረግሁም። "ጥሪኝ" ብያት ገባሁ። ጠብቄ ጠብቄ ምንም ሳልሰማ ስወጣ፣ እናቴ የአንገቷ ሥር ተገታትሮ ስሜን እየጠራች ነው። ለምን እንዳስጠራኋት ያኔ ገባት፤ ፊቷን በነጠላዋ ሸፈነች።

ሄድፎን ባላደርግም አልሰማውም ነበር ማለት ነው። ይህ ሊያጽናናኝ ይገባ ነበር። አላጽናናኝም። ጉልበተኛ ፋን ያስፈለገው ራዲያተሩ ጥቅጥቅ ስላለ ነው፤ ጥቅጥቁን የገዛሁት ደግሞ እኔ ነኝ። ይህን ስነግራት እናቴ፣ "እንዲህ ወደ ኋላ ከቆጠርሽ እስከ ሰርጋችን ድረስ ትደርሻለሽ፤ ተይው" አለችኝ።

ሁለት ወር ያህል ማሽኑን አልነካሁትም። ደንበኞቼ ታገሡኝ። ከዚያ ቅጠሉ ሳሳ ያለ ራዲያተርና ዝግ ብለው የሚዞሩ ፋኖች ገዝቼ ብቻዬን ገጠምኩ። ከበፊቱ ትንሽ ይሞቃል፤ ግን ይሠራል። ድምፁ እንኳን ሳሎን፣ እኔው ጋ በቅጡ አይሰማም። ከመጀመሪያውም እንዲህ ማድረግ ይቻል ነበር፤ እኔ አላወቅኩም፤ እሱም ያለውን ዕቃ ማዳን እንጂ "ሌላ ግዢ" ማለት አልለመደም።

እናቴ አሁን የምትተኛው በዚያው በመስኮቱ ሥር ባለው አልጋ ላይ ነው። እየሠራሁ ሳለሁ አንዳንዴ ስሜን ትጠራለች።

"አቤት፣ እማዬ?"

"ምንም። ሥራሽን ሥሪ።"