የቀለሜ ቆርቆሮዎች

ሰፈሩ ቀለሜ እያለ ነው የሚጠራው። የማያውቀው ሰው ጎበዝ ተማሪ የነበረ ይመስለዋል። እሱ ግን በልጅነቱ ከትምህርት ቤት የወጣው ቀለም አልገባ ብሎት ነው። «ቀለም አልገባኝ ሲል እኔ ቀለም ውስጥ ገባሁለት» እያለ ራሱ ይስቅበታል።

ዕድሜውን ሙሉ የሰው ቤት ሲቀባ ኖሮ፣ ጉልበቱ መሰላል አልወጣም ሲለው ቤቱ ተቀመጠ። ከሥራ የተረፈው ዕቃም አብሮት ገባ። ጓሮ ባለችው ክፍል ግማሽ የቀሩ የቀለም ቆርቆሮዎች፣ በጀሪካን የተቀመጠ የቀለም ማቅጠኛ ቲነር፣ ቫርኒሽ፣ አሲድ፣ ጽሑፉ የለቀቀ የተባይ መርዝ እስከ ጣሪያ ተቆልለዋል። ሚስቱ አስወጣልኝ ባለችው ቁጥር «ይሄ እኮ ንብረት ነው» ይላታል።

አንዲት ልጃቸው አርግዛ ነበር። ባሏን ሥራ ሩቅ ስለወሰደው እናቷ ጋ ልትወልድ መጣች። የታሰበላት ያቺው የጓሮ ክፍል ናት። በሩን ከፍታ ገና አንድ እግሯን ስታስገባ አፍንጫዋን ይዛ ወደ ኋላ አለች።

«አባዬ፣ እዚህ እንኳን ልተኛ ቆሜም ራሴን አዞረኝ።»

«ምኑ ነው የሚያዞርሽ?»

«ሽታው ነዋ! መርዝ እኮ ነው።»

ቀለሜ ገባ፣ አየሩን ሳብ አደረገ፣ ወጣ። «እኔ ምንም አይሸተኝም» አለ።

እናትና ልጅ ተያዩ። ሚስቱ፣ ባለፈው ድስት ሲያር አጠገቡ ቁጭ ብሎ ሬዲዮ ሲያዳምጥ እንደነበር ትዝ አላት። ያኔ ንዝህላልነት መስሏት እንዴት አድርጋ ጮኻበት ነበር!

ቀለሜ ቅር ብሎት አደረ። መርዝ የተባለው ሥራው ሁሉ መሰለው። በነጋታው እናትና ልጅ ለክትትል ክሊኒክ ሲሄዱ፣ ሳይመለሱ ክፍሉን ባዶ ሊያደርግላቸው ተነሣ። ጎረቤቱ፣ ጡረታ የወጣው ሾፌር፣ በአጥር ላይ ብቅ አለ።

«ምን ትለፋለህ? ፍሳሹ ውስጥ ድፋውና ተገላገል። ውሃ ይወስደዋል።»

ምክሩ ቀላል ነበርና ቀለሜ ወደደው። የግቢውን የፍሳሽ ክዳን አንሥቶ ቲነሩን ገለበጠው።

ያ ቱቦ የሚያልፈው በሌላው በኩል ብቻዋን በምትኖረው ጎረቤታቸው፣ በልብስ ሰፊዋ ማድ ቤት ሥር ነው። ሚስቱ ከክሊኒክ ተመልሳ በር ላይ ስትደርስ ሽታው ፊቷን መታት። የፍሳሹ ክዳን ተነሥቶ ስታይ ልጇን እዚያው መንገድ ላይ አቁማ ወደ ልብስ ሰፊዋ ሮጠች።

«እትዬ! እሳት እንዳትለኩሺ! ውጪ!»

ልብስ ሰፊዋ የክብሪት ቀፎ እንደያዘች ወጣች። «ማድ ቤቱ ምን ሆኖ ነው የሚሸተው ብዬ፣ ጨልሞብኝ ልጭር ነበር እኮ!» አለች።

ቀለሜ ባዶውን ጀሪካን እንዳንጠለጠለ ደረሰ። ክብሪቱን አየ። ፊቱ አመድ መሰለ።

«አልሸተተኝም» አለ። «ቢሸተኝ ኖሮ... አፍንጫዬ ከሞተ ቆይቷል። አላወቅሁም።»

ልትጮህበት አፏን የከፈተችው ሚስቱ ጩኸቷን ዋጠች። ጀሪካኑን ከእጁ ወስዳ ክዳኑን ገጠመችና ክንዱን ያዘችው።

ልጅቱ ከመንገድ ላይ ደውላ የጠራቻቸው የእሳት አደጋ ሠራተኞች መጥተው ሰውን ሁሉ መንገድ ላይ አወጡት። በርና መስኮት ከፈቱ፣ ማብሪያ ማጥፊያ እንዳይነካ አሉ፣ ቱቦውን መረመሩ። አደጋው ካለፈ በኋላ አለቃቸው መጥታ መንገድ ዳር ድንጋይ ላይ ከቀለሜ ጎን ተቀመጠች፤ እሱም የሆነውን ሁሉ ነገራት።

«አባባ፣ ውሃ ይወስደዋል ብሎ የመከርዎት ሰው፣ የት እንደሚወስደው ነግሮዎታል?»

ሾፌሩ ከሰው ኋላ ሸሸት አለ።

ከተማው ዳር እንዲህ ያለ ነገር የሚረከብ ቦታ እንዳለ ነገረችው። በየራሱ ዕቃ እንዳለ፣ በደንብ ተከድኖ፣ አንዱ ካንዱ ሳይደባለቅ፣ ምን እንደሆነ ተጽፎበት መምጣት አለበት። የማይታወቀውን ደግሞ ከፍቶ ማሽተት አያስፈልግም።

«እሱስ አያሠጋም» አለ ቀለሜ፤ ሳቅ አመለጣት።

ከዚያ ቆርቆሮዎቹ እየወጡ ግቢው ውስጥ ተደረደሩ። ልጁ ራቅ ብላ በረንዳው ላይ ወረቀት ይዛ ትጽፋለች፣ እሱ ይጮኻል።

«ይቺ አረንጓዴ የክሊኒኩ በር ናት!»

«አባዬ፣ ምን እንደሆነ ንገረኝ እንጂ የት እንደነበረ አይደለም።»

«እሺ፣ የዘይት ቀለም በያት።»

ወረቀቱን ሲለጥፈው ከሥር በትናንሽ ፊደል «የክሊኒኩ በር» የሚል አየ። መነጽሩን አውልቆ ጠረገ። ቀጥሎ ያለውን ሲያነሣ አልጮኸም፤ በረንዳው ሥር ድረስ ሄዶ፣ ያ ክሬም ቀለም የተቀባበት ቤት ሙሽሮቹ ሳይገቡበት እንዴት እንደተሸጠ ነገራት። እሷም እየሰማች ጻፈች።

በኪራይ ፒክአፕ ጭነው ወሰዱት። ተረካቢው ጓንት አድርጎ አሲዱን ለብቻ፣ መርዙን ለብቻ አስቀመጠ። ቀለሜ እጁን ወደኋላ አጣምሮ አንድ በአንድ ሲሄዱ አየ። ሲመለስ ሚስቱ «ከፋህ?» አለችው። «ቀለለኝ» አላት፤ ጥቂት ቆይቶ «ትንሽም ከፋኝ» አለ።

ሐኪም አፍንጫውን አይቶ ብዙ ተስፋ አልሰጠውም። ስለዚህ ክፍሉ በርና መስኮቱ ተከፍቶ ሲናፈስ፣ ጠዋት ጠዋት ሚስቱን እያስገባ «ዛሬስ ምን ምን ይላል?» ይላታል። «ገና ነው» ትለዋለች። በመጨረሻ «አሁን ምንም» ስትል፣ አልጋው ገባ፤ ልጅቱም ገባች፤ ከጥቂት ሳምንት በኋላም ሴት ልጅ ታቅፋ ከሐኪም ቤት ተመለሰችበት።

ያልተበላሸው የውሃ ቀለም ቀርቶ ነበርና፣ ቀለሜ የልብስ ሰፊዋን ማድ ቤት በነጻ ሊቀባ ቃል ገባ። መሰላል ስለማይወጣ የላይኛውን ሾፌሩ እንዲቀባ የፈረደችው ሚስቱ ናት። ሾፌሩም ቀለሜ በያዘለት መሰላል ላይ ያለ ክርክር ወጣ። ቀለሙም እየተንጠባጠበ የቀለሜን ራስ ነጭ አደረገው።

«ብሩሹን ጠበቅ አድርገህ ጨምቀው እንጂ፣ አንተ ሰውዬ!» ሲለው፣ ከማዶ ሕፃኗ አለቀሰች። ልብስ ሰፊዋ «ሂድ፣ ሂድ፣ እኔ እይዝለታለሁ» ብላ መሰላሉን ተቀበለችው።